ማንም በሌለበት ሰዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፣ ዛሬ የማካፍላችሁ ታሪክ ስለ አንድ ቴሌቪዥን ነው። ሥርጭቱ እየተቆራረጠ ሳምንታት ያስቸገረን የቤታችን ቴሌቪዥን። ለመንፈሳዊ ጽሑፍ የሚሆን ርእስ እንዳልሆነ ታስቡ ይሆናል፤ እኔም እንዲሁ አስብ ነበር። ነገሩ ካለፈ በኋላ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ግን ለራሴ ብቻ እንዳልይዘው መከሩኝ። እንዲህ ያለ ቴሌቪዥንና እንዲህ ያለች እናት በቤታችን ያለን ብዙዎች ነንና፣ ከስሕተቴ የሚማር ቢገኝ ብዬ እነሆ ጽፌዋለሁ።

እናቴ የዳሌ አጥንቷ ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፏል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በምርኩዝ ከአልጋዋ እስከ መታጠቢያ ቤት፣ ብርታት ባገኘች ቀን ደግሞ እስከ በረንዳው ትደርሳለች። ከዚያ ወዲያ አትችልም። ከቤታችን እስከ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ያለው መንገድ ለጤነኛ ሰው የሩብ ሰዓት ጉዞ ነው፤ ነገር ግን ዳገት አለው፣ ኮብልስቶኑ ተነቃቅሏል፣ በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያም ደረጃ አለ። ከ40 ዓመት በላይ እሑድን በዚያ መንገድ የጀመረች ሴት አሁን ደወሉን የምትሰማው በመስኮት ነው።

ስማርት ቲቪውን ገዝተን በክፍሏ ያስቀመጥንላት ለዚህ ነው። ነገሩ ለእርሷ እንግዳ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ምክንያት ብዙው ምእመን ሰሙነ ሕማማትንና ትንሣኤን በየቤቱ ሆኖ በቴሌቪዥን ሲከታተል፣ እናቴም ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ በሳሎናችን ወለል ላይ ትሰግድ ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሁላችንም ወደ ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ተመለስን። እርሷም ተመልሳ ነበር፤ ስብራቱ እንደ ገና ወደ ቤት እስኪመልሳት ድረስ።

ታሪኩ የጀመረበት እሑድ

ችግሩ የጀመረው በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ፣ በመፃጕዕ ነው። እንደምታውቁት በዚያ ሳምንት የምንማረው በመጠመቂያይቱ አጠገብ ተኝቶ፣ በበሽታ 38 ዓመት ስለቆየው ሰው ነው (ዮሐ. 5፥1-9)። ጌታችን መዳን ይሻ እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ በሽተኛው ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያይቱ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነገረው።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እናቴ ገና ነጠላዋን አላወለቀችም ነበር።

«ልጄ፣ ዛሬ መምህሩ ጥሩ አድርገው ጀምረውት ነበር» አለችኝ። «ጌታ በሽተኛውን ሲጠይቀው ላይ ሲደርሱ ቆመ። ያቺ ክብ መጥታ ትሽከረከር ጀመር፤ በዚያው ቀረ። እስኪ ሰውየው ምን ብሎ እንደ መለሰ አንተ ንገረኝ።»

ሳቅሁ። «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ የማታውቂው ወንጌል አለ?» አልኋት።

«እሱስ አለ» አለችኝ። «ስትችል ግን ይህን ቴሌቪዥን እየው።»

«እሺ፣ ነገ» ብያት ወደ ክፍሌ ገባሁ። ያ ነገ አንድ ሳምንት ሙሉ ቆየ። በሚቀጥለው እሑድ፣ በደብረ ዘይት፣ ሥርጭቱ ከቅዳሴው ጀምሮ ሲቆምና ሲሄድ ዋለ። እናቴ አላማረረችም፤ እንዴት ነበር ብዬ ስጠይቃት «ትንሽ ያዝ ለቀቅ አደረገው እንጂ ደኅና ነበር» ነበር ያለችኝ። ከእኅቴ አፍ ግን እውነቱን ሰማሁ፤ ከሁለት ሰዓት ሥርጭት ውስጥ እናቴ ያየችው ግማሹን እንኳ አይሆንም ነበር።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የድምፅ መሣሪያውን የምይዘው፣ የአረጋውያንን ስልክ የማስተካክለው እኔ ነኝ። የሌላውን ቤት ስልክ ሳስተካክል የእናቴ ቴሌቪዥን ሁለት ሳምንት መጠበቁ በዚያን ጊዜ እምብዛም አልከነከነኝም። ሰኞ ማታ ግን ተነሣሁ።

ሥርጭቱ ለምን ይቆማል?

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ጥፋትን ለማግኘት መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋልና።

በኢንተርኔት የሚመጣ ቪዲዮ በቤታችን እንዳለው የውኃ ታንከር ነው። ከቧንቧው የሚመጣው ውኃ በታንከሩ ይጠራቀማል፤ እኛ የምንቀዳው ከታንከሩ ነው። ቴሌቪዥኑም ምስሉንና ድምፁን በትናንሽ ክፍል እየተቀበለ ለጥቂት ሰከንድ የሚበቃውን ያጠራቅማል፤ ለእኛ የሚያሳየን ከዚያ እየቀዳ ነው። ከሚገባው የሚወጣው ሲበልጥ ታንከሩ ይደርቃል። በመስኮቱ መካከል የምትሽከረከረው ክብ ማጠራቀሚያው ባዶ መሆኑን፣ እስኪሞላም መጠበቅ እንዳለብን የምትነግር ምልክት ናት። አስቀድሞ የተቀዳ ስብከት ሲሆን ቴሌቪዥኑ ወደ ፊት ያለውን ቀድሞ ሊያጠራቅም ይችላል። የቀጥታ ሥርጭት ሲሆን ግን ገና ያልተነገረውን ቃል አስቀድሞ መያዝ ስለማይቻል ማጠራቀሚያው ትንሽ ነው። ስለዚህ በቅዳሴ ሰዓት የሚያስቸግር መስመር በሌላ ጊዜ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል።

የመስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። በግምት 480 በሚባለው የምስል ጥራት ለማየት ከ1 ሜጋ ቢት ጥቂት ያለፈ፣ ለ720 ደግሞ 2.5፣ ለ1080 እስከ 5፣ ፎር ኬ ለሚባለው እጅግ ጥራት ላለው ምስል 20 ሜጋ ቢት ያህል ያስፈልጋል። የቤታችን መስመር 10 ሜጋ ቢት ነው። እናቴ በ1080 ብታይ እንኳ ከሚያስፈልጋት እጥፉ ነበረን ማለት ነው። ታዲያ ውኃው ወዴት ሄደ?

የሞከርኋቸው ነገሮች

በመጀመሪያ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ብዙዎቻችን በሪሞት ስናጠፋው የጠፋ ይመስለናል፤ ነገር ግን ስማርት ቲቪ በሪሞት ሲጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ያንቀላፋል እንጂ ሥራውን ፈጽሞ አያቆምም። ሶኬቱን ነቅዬ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቄ መልሼ ሰካሁት። ዋይፋይ የሚያከፋፍለውን ራውተርም እንዲሁ አደረግሁ። ቴሌቪዥኑ ፈጠን አለ።

ቀጥሎ ቀኑንና ሰዓቱን ተመለከትሁ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ቴሌቪዥኑ ራሱን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መልሶ አገኘሁት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት የምስክር ወረቀት የሚጸናበት ቀን አለው። የመሣሪያው ቀን ሲሳሳት ምስክር ወረቀቱ የማይጸና ይመስለዋል፤ አፕሊኬሽኑም አልከፍትም ይላል። ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል ሳዝዘው፣ ከርሞ አልከፈት ያለ አንድ የመዝሙር አፕሊኬሽን ተከፈተ።

ከዚያም የማያስፈልጉትን አፕሊኬሽኖች አጠፋሁ። የስማርት ቲቪ ማኅደር ከስልኮቻችን ይልቅ ትንሽ ነው፤ ሲሞላ ሁሉ ነገር ይጎተታል። የዩቲዩብ አፕሊኬሽኑንና የቴሌቪዥኑን ሶፍትዌር አደስሁ። የምስሉንም ጥራት ወደ 480 ዝቅ አደረግሁት፤ ቆሞ የሚያስተምር መምህርን ለማየት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ድምፁ ሳይቆራረጥ ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ይሻላል፤ እናቴ የምትፈልገው ቃሉን ነውና።

በመጨረሻ ርቀቱን አሰብሁ። ራውተሩ በሳሎን ከቡፌው ኋላ ወለል ላይ ተቀምጧል፤ የእናቴ ክፍል ደግሞ ከሁለት የብሎኬት ግድግዳ ወዲያ ነው። ዋይፋይ ብዙ ጊዜ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ግድግዳ በማለፍ ይሻላል፣ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው ነገር ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል። ራውተሩን ከቡፌው ኋላ አውጥቼ ከፍ ባለ ቦታ አስቀመጥሁት። ያም አልበቃኝ ብሎ 15 ሜትር የኔትወርክ ገመድ ገዝቼ በግድግዳው ጠርዝ አድርጌ በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። እንዲህ ያለ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ያደርሳል፤ ግድግዳም አያግደውም።

ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ እየፈተሽሁ ሁሉም ነገር እንደሚሠራ አረጋገጥሁ። የመስመሩ ፍጥነት ከ9 ሜጋ ቢት አይወርድም፤ ሥርጭቱም እንደ ወንዝ ይፈስሳል። «እማዬ፣ ተስተካክሏል» አልኋት። በራሴም ደስ አለኝ። ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ነበር። በጥቂቱ ስለታመነው አገልጋይ ተምረን፣ ዘምረን፣ ወደ ቤት ተመለስን። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ እናቴ መዝሙረ ዳዊቷን ይዛ አገኘኋት። ሥርጭቱ ዳግመኛ ቆሞ ነበር።

በዚያን ጊዜ ተቆጣሁ። እኔ የምችለውን ሁሉ አድርጌአለሁና ጥፋቱ የሌላ መሆን አለበት። ሰኞ ጠዋት ወደ አገልግሎት ሰጪው ደወልሁ። አንዲት ባለሙያ አነሣችው። በየወሩ እንደምንከፍል፣ እናቴ ታማሚ እንደ ሆነች፣ መስመሩ የሚቋረጠው ደግሞ በተቀደሰው ሰዓት መሆኑን ከፍ ባለ ድምፅ ነገርኋት። እርሷ እስክጨርስ ጠብቃ በእርጋታ ጠየቀችኝ።

«ችግሩ የሚደርሰው ሁልጊዜ እሑድ ጠዋት ነው?»

«አዎ።»

«በዚያ ሰዓት መስመሩን የሚጠቀሙ ሌሎች መሣሪያዎች አሉ?»

«የሉም» አልኋት። «በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ ማንም የለም።»

ጥቂት ዝም አለችና «ታዲያ ቴሌቪዥኑን የሚያየው ማን ነው?» አለችኝ።

ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ኋላ «እናቴ ናት» አልኋት። ልጅቱ ነገሩን አላከበደችውም፤ ፍተሻውን ማታ ሳይሆን ችግሩ በሚደርስበት በዚያው ሰዓት እንዳደርገው፣ በራውተሩ ላይ የተያያዙትንም መሣሪያዎች ዝርዝር እንድመለከት መክራኝ ስልኩን ዘጋች።

የኒቆዲሞስ እሑድ

በሰባተኛው እሑድ ከሠርሖተ ሕዝብ በኋላ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አገልግሎት ሳልቆይ፣ ከኃላፊው ፈቃድ ጠይቄ በቀጥታ ወደ ቤት ሄድሁ። ሦስት ሰዓት አልሞላም። እናቴ በአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጣለች፤ በመስኮቱ ላይ የመምህሩ እጅ በአየር ላይ ተነሥቶ ቆሟል፤ ክቧ ትሽከረከራለች። እናቴ ግን ፊቷን ከቴሌቪዥኑ አላዞረችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች። ምስሉ ቆሞ እርሷ አልቆመችም ነበር።

በስልኬ የመስመሩን ፍጥነት ለካሁ። 1 ሜጋ ቢት እንኳ አይሞላም። የራውተሩን ገጽ ከፍቼ የተያያዙትን መሣሪያዎች ተመለከትሁ። ሦስት ናቸው፤ የእናቴ ቴሌቪዥን፣ በእጄ ያለው ስልክ፣ ሦስተኛው የእኔ ኮምፒውተር።

ወደ ክፍሌ ሄድሁ። በሩ እንደ ተዘጋ ነው። ስከፍተው በጨለማው ውስጥ የኮምፒውተሬ ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። ጾሙ ሲገባ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ላላይ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ቃሌንም ጠብቄአለሁ። ነገር ግን ከትንሣኤ በኋላ እንዳያመልጡኝ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ፕሮግራም ጫንሁ። የሚወርዱትን በዝርዝር ሰጠሁት፤ የሚያወርድበትንም ሰዓት መረጥሁለት። በሥራ ቀን እንዳይሆን፣ እኅቴ ማታ ስታጠና መስመሩ እንዳይጨናነቅባት አሰብሁ። ስለዚህ እሑድን ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት አደረግሁት። ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ስለምንሆን ቤት ውስጥ ማንም የማይኖርበት ሰዓት ነው ብዬ።

ኮምፒውተሩ በታዘዘው ሰዓት ይነሣል፤ መስመሩ ካለው 10 ሜጋ ቢት የቻለውን ሁሉ ይስባል፤ በአንድ እሑድ ጠዋት እስከ 30 ጊጋ ባይት ይወርድለታል። ለእናቴ የሚተርፋት ጠብታው ነው። እኔ በቅዳሴ ቆሜ ከልቤ ስጸልይ፣ በዘጋሁት ክፍሌ ውስጥ ያለው የእኔ ፍላጎት የእናቴን ቅዳሴ እየቆራረጠባት ኖሯል። ያንንም ጾሜን እየጠበቅሁ አደረግሁት።

ማውረዱን አስቆምሁ። ከእናቴ ክፍል የመምህሩ ድምፅ ወዲያው ተሰማ። ወደ እርሷ አልተመለስሁም፤ አልጋዬ ላይ ተቀመጥሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቴሌቪዥኑን ፈትሼአለሁ፣ ሰዓቱን አስተካክያለሁ፣ ግድግዳውን ተጠራጥሬአለሁ፣ ገመድ ዘርግቻለሁ፣ የማላውቃትን ልጅ በስልክ ተቆጥቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ያልፈተሽሁት አንድ ክፍል ነበር፤ የራሴ። ጌታችን በወንድሙ ዓይን ያለውን ጉድፍ ሊያወጣ ስለሚሻ፣ በራሱ ዓይን ያለውን ምሰሶ ግን ስለማያይ ሰው የተናገረውን (ማቴ. 7፥3-5) ለሕፃናት ብዙ ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ለራሴ ሲደርሰኝ ግን በኮምፒውተር መብራት ነው ያየሁት።

ከምሰሶው ይልቅ የከበደችኝ ደግሞ አንዲት ቃል ነበረች። ለባለሙያዋ የነገርኋት፣ ለፕሮግራሙም ሰዓት የመረጥሁባት ቃል፤ «ማንም የለም።» መፃጕዕ 38 ዓመት ሰው አጥቶ የተኛው ሰው በሌለበት ምድረ በዳ አይደለም። በዙሪያው ብዙ ሕዝብ ነበረ፤ ውኃው ሲናወጥ ግን ሁሉም የሚሮጠው ለራሱ ነው። የእናቴም ቤት ባዶ አልነበረም። ልጇ ሰዎችን በዝርዝር ሲቆጥር እርሷን ሳይቆጥራት አለፈ እንጂ።

ስብከቱ ሲያልቅ ወደ ክፍሏ ገብቼ ሁሉንም ነገርኋት። ፊልሞቹንም፣ ሰዓቱንም፣ ያልሁትንም። ዝም ብላ ሰማችኝ።

«እኔማ ዝናቡ ነው ብዬ ነበር» አለችኝ። ቀጥላም «ሰውየው ምን ብሎ እንደ መለሰ ዐውቀው ነበር እኮ፤ አብረን እንድንማማረው ብዬ ነው የጠየቅሁህ» አለች።

ከዚህ ሌላ የተቆጣችኝ ቃል የለም። ይህ ግን በቂዬ ነበር።

ከጥገናው በኋላ

በዚያው ሳምንት ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። የሰማሁትን ቀኖና ለዚህ ጽሑፍ አላመጣውም። ስለ እናቴ የነገሩኝን ግን ላካፍላችሁ። ሥርጭቱ መስተካከሉ መልካም እንደ ሆነ፣ ከአልጋ ለማይነሣ ሰው ቃለ እግዚአብሔርን መስማት ትልቅ ጸጋ እንደ ሆነ ነገሩኝ። ከዚያም ቴሌቪዥን ሊያደርስ የሚችለውንና የማይችለውን እንድለይ አሳሰቡኝ። ድምፅና ምስል በገመድ ይመጣል፤ ሥጋ ወደሙ ግን በገመድ አይመጣም። የምእመናን አንድነት፣ የካህኑ መስቀል፣ የዕጣኑ መዓዛ በመስመር አይላክም። ቅዱስ ያዕቆብ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሎች ይጥራ ብሎ ያዘዘው (ያዕ. 5፥14) ለዚህ ነው አሉኝ። እናቴ ከወደቀች ጀምሮ አንድ ካህን እንኳ ጠርቼላት እንደ ሆነ ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ቴሌቪዥን ገዝተንላታልና የጎደለ ነገር ያለ አልመሰለንም ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ መጥተው ጸሎት አደረሱላት። ምሥጢረ ቀንዲልም ተፈጸመላት።

በዕለተ ስቅለት ቴሌቪዥኑ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆመም። እኔና እኅቴ ተራ ገብተን ነበር፤ ጠዋት እርሷ ከእናታችን ጋር ስትውል እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርሁ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ተለዋወጥን። እናቴ መስገድ ስለማትችል በአልጋዋ ጠርዝ ተቀምጣ በእያንዳንዱ ኪርያላይሶን አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። እኔ በአጠገቧ እሰግዳለሁ። ወደ 10 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። በስልኬ ልክፈትላት ብዬ ስቸኩል እጄን ያዘችኝ። «ተወው፤ እንቀጥል» አለችኝ። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ፣ በዝምታው ክፍል ውስጥ፣ እርሷ በቃሏ እየመራችኝ ቀጠልን። ያን ዕለት የእኔ ጥገና እንደማያስፈልጋት አየሁ፤ የሚያስፈልጋት በአጠገቧ የሚቀበል ሰው ነበር።

በዳግም ትንሣኤ እሑድ ደግሞ ሦስት ወንድሞች ከሰንበት ትምህርት ቤት መጡልኝ። ለአራት ሆነን፣ ዳገቱን በተሽከርካሪ ወንበር፣ ደረጃውን በትከሻችን አድርገን እናቴን ቤተ ክርስቲያን አደረስናት። ሽባውን ተሸክመው ጣራ ነድለው ወደ ጌታ ያወረዱት ሰዎችም አራት ነበሩ (ማር. 2፥1-12)፤ ለእኛ ግን በሩ ሰፊ ነበርና ጣራ መንደል አላስፈለገንም። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ያላሰብሁት እናቴ ከባድ ስለሆነች አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ቀን ከሥጋ ወደሙ ተቀበለች። አሁን በየወሩ በ21 ይህንኑ እናደርጋለን፤ በሌሎቹ እሑዶች ቴሌቪዥኑ ያገለግላታል።

ለእኛ ለወጣቶች

የተወደዳችሁ፣ ይህን ስጽፍ ሁለት ነገር በአእምሯችሁ እንዲቀር እሻለሁ።

የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ሥርጭት የሚቆራረጥበት አረጋዊ ካለ፣ ዕውቀታችሁ ምጽዋት ይሁንለት። ፍተሻውን ችግሩ በሚደርስበት ሰዓት አድርጉት። ከራሳችሁ ጀምሩ፤ መስመሩን ማን እየተጠቀመበት እንደ ሆነ፣ የእናንተ ስልክና ኮምፒውተር ሳትጠብቁት ምን እያወረዱ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ከዚያ ቴሌቪዥኑንና ራውተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ መልሳችሁ ስኩ፤ ቀንና ሰዓቱን፣ ማኅደሩን፣ የምስሉን ጥራት፣ የራውተሩን ቦታ በተራ ፈትሹ። አገልግሎት ሰጪውን የምትጠሩት በመጨረሻ ነው፤ ስትጠሩም በትሕትና ይሁን። እኔ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጬ ሦስት እሑድ ከእናቴ ወሰድሁባት።

ሁለተኛው የሚከብደው ነው። ጌታችን በመጨረሻው ቀን ከሚጠይቀን አንዱ የታመመውን መጠየቃችንን ነው (ማቴ. 25፥36)። ለታመመው መሣሪያ መግዛታችን መልካም ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው በእኛ ቦታ ቁጭ ብሎ እንዲጠይቅልን አንላከው። በአጥቢያችን ስንት እናቶችና አባቶች በዚህ እሑድ ጠዋት በር ተዘግቶባቸው ብቻቸውን እንደሚቀሩ ቆጥረን እናውቃለን? እኛ ቤት ውስጥ ማንም የለም ብለን በምንወጣበት በዚያ ሰዓት፣ እነርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው በመስኮቱ ፊት ተቀምጠዋል።

እናቴ አሁንም የእሑዱን ስብከት ጨርሳ ስጠይቃት አንድ ነገር እንዳልገባት አድርጋ ትጠይቀኛለች። ለምን እንደምትጠይቀኝ ዐውቃለሁ። ጫማዬን አውልቄ እቀመጣለሁ።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎትና በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።